ሁለት ድስት፣ አንድ ድንኳን

«ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው።» ይህን አባባል ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተናገሩት ነው ይባላል። ትምህርት ቤት ሰምተነዋል፣ በቴሌቪዥን ሰምተነዋል። ሰፈር ውስጥ ጠብ ሲነሳም ሽማግሌዎች ይጠቅሱታል። ለመንግሥት ጥሩ መመሪያ ነው። ሹመኛ በሰው እምነት ውስጥ እጁን እንዳያስገባ ይከለክላል። የአሁኑ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል።

እርግጥ አባባሉ በተነገረበት ዘመን እንኳ በወጉ አልተሠራበትም። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ነበር። ኢድ የሕዝብ በዓል አልነበረም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች አደባባይ ወጥተው እኩልነት ጠየቁ። ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰለፉ። የሙስሊሙ በዓላት በአገር ደረጃ መከበር የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ሕጉ አይደለም። አባባሉን ከሕግ አውጥተን ወደ ኑሮ ስናመጣው የሚጎድለው ነገር አለ። እኔ ያየሁት ሃይማኖት የግል ሆኖ አያውቅም። ክርስትና ያነሳኝ ሌላ ሰው ነው። መጸለይ ያስተማረኝ ሌላ ሰው ነው። ስሞት የሚጸልይልኝም ሌላ ሰው ነው። ሃይማኖት ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ የምሰጠው መልስ ከዚህ ይነሳል። ሰው ብቻውን ሊወጣው የማይችለውን ነገር፣ በፈጣሪ ፊት፣ ከሌሎች ጋር ሆኖ የሚወጣበት ሥርዓት ነው። ሌላው ሁሉ፣ ትምህርቱም ክርክሩም፣ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ያደግኩት ደሴ ነው፣ ከጦሳ ተራራ ሥር። አያቴ ክርስቲያን ነበረች። ታላቅ ወንድሟ ሙስሊም ነበሩ፤ እኛ ልጆቹ «ሐጂ» ነበር የምንላቸው። ወሎ ውስጥ ይህ ብርቅ አይደለም። የሰውየው ስም የሙስሊም፣ የአያቱ ስም የክርስቲያን ቢሆን ማንም «እንዴት?» ብሎ አይጠይቅም። ከሌላ አገር የሚመጣ እንግዳ ግን ይህን ሲያይ «እናንተ ጋ ሃይማኖት ላላ ያለ ነው» ይላል። ይህን በሰማሁ ቁጥር ይከነክነኛል። አያቴ ረቡዕና ዓርብን ስትሽር አይቼ አላውቅም። ታማ አልጋ ላይ ሆና እንኳ ወተት አምጡልኝ አላለችም። ሐጂም ሶላታቸውን አያሳልፉም። ሁለቱም ጥብቅ ነበሩ። የሚገርመኝም ይኸው ነው። ጥብቅ ሆነው አብረው መኖር ቻሉ።

እንዴት እንደቻሉ ለማወቅ የወሎን ድግስ ማየት ይበቃል። በቤታችን ድግስ ሲኖር እርዱ ሁለት ነበር። አንዱን ክርስቲያን ያርደዋል፣ ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ በስመ ሥላሴ። ሌላውን ሙስሊም ያርደዋል፣ ወደ ቂብላ አዙሮ፣ ቢስሚላህ ብሎ። ከደሴ መካ ቀጥ ብላ በስተሰሜን ናት። ስለዚህ በአንድ ግቢ፣ በጥቂት ክንድ ርቀት፣ አንዱ በግ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ሰሜን ይዞር ነበር። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ይለያል። ድስቱ ለብቻ ነው። ሰሐኑ ለብቻ ነው። የሙስሊሙን ወጥ የሚሠሩት ከሐጂ ቤት የሚመጡ ሴቶች ናቸው። ሽንኩርቱን ግን ሁሉም አንድ ላይ ተቀምጠው ይከትፉታል።

አክስቴ በሙስሊሙ ድስት ጭልፋ እጀታ ላይ ቀይ ክር ታስር ነበር። ግርግር ሲበዛ እንዳይቀላቀል ነው። አንድ ሠርግ ላይ እንግዳ ገብቶ ወጥ ቤቱ ሲተራመስ፣ ልታግዝ የመጣች የጎረቤት ልጅ ክር የሌለውን ጭልፋ አንስታ ወደ ሙስሊሙ ድስት ልትሰድደው ስትል አክስቴ እጇን ያዘቻት።

«ክሩን አታይም?»

«ሰው አላየንም እኮ፣ እትዬ። ቶሎ ላቅርብ ብዬ ነው።»

«እነሱ እኛን አምነው ነው የሚበሉት።»

አክስቴ ይህን ብላ ክር ያለውን ጭልፋ ፈልጋ ሰጠቻትና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ በር ላይ ቆሜ ሥጋ እስኪሰጠኝ እጠብቅ ነበር። ያኔ ነገሩ ቁም ነገር አልመሰለኝም። አሁን ሳስበው ስለ ሃይማኖት ካነበብኩት ብዙ ነገር ይበልጥብኛል። አክስቴ ያ ሥጋ ክልክል ነው ብላ አታምንም። የራሷ ሕግ አይደለም። ግን የሌላውን ሕግ ሌላው በሌለበት ጠበቀችው። ልዩነቱን አላጠፋችውም፣ «ያው አንድ አምላክ ነው፣ ምን ልዩነት አለው» ብላ አላለፈችውም። ልዩነቱ ሥራ ፈጠረባት። ሥራውን ሠራችው።

ብዙ ሰው መቻቻል ማለት ልዩነትን ማሳነስ ይመስለዋል። እኔ ግን ያ ለኑሮ አይበቃም እላለሁ። ልዩነቱን ካሳነስነው ለሌላው የምንደክምለት ነገር አይኖርም። የወሎ ድግስ ድካም አለበት። ሁለት ድስት ከአንድ ድስት ይልቅ እንጨት ይፈጃል፣ ሰው ይፈልጋል፣ ገንዘብ ያስወጣል። ግን ድንኳኑ አንድ ነው።

ከድግስ ይልቅ ደግሞ ለቅሶ ነገሩን ያጎላዋል። አባቴ ያረፈ ቀን ሬሳው ከቤት ከመውጣቱ በፊት የእድሩ ድንኳን ተተክሎ፣ ወንበሩ ተደርድሮ ነበር። እድር የሃይማኖት ተቋም አይደለም። ክርስቲያንም ሙስሊምም ጴንጤም በአንድ መዝገብ ላይ ይጻፋል፣ በየወሩ እኩል ይከፍላል። ግን የሃይማኖት ሥራ ሲሠራ አየሁት። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ንፍሮ ቀቅለው ይዘው መጡ። የሐጂ ልጆች ሬሳውን እስከ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን በር ድረስ ተሸከሙ። ፍትሐቱ እስኪያልቅ ውጭ ቆመው ጠበቁ። ከዓመታት በኋላ ሐጂ ሲሞቱ እኛም እንዲሁ አደረግን። ጀናዛው ላይ ሲሰገድ ከመስጊዱ አጥር ውጭ ቆምን። ከዚያ ቃሬዛውን ለመሸከም ተራ ያዝን።

አባቴ በሞተ ጊዜ መጸለይ አልቻልኩም። ሃያዎቹ ውስጥ ነበርኩ። ካህናቱ አጠገብ ቆሜ «አቡነ ዘበሰማያት» ሲባል አፌ አልከፈት አለኝ። በፈጣሪ ተናድጄ ይሁን፣ ደንዝዤ ይሁን፣ አላውቅም። ጸሎቱ ግን እኔን አልጠበቀም። ለብዙ መቶ ዓመታት በስንት ሰው ላይ የተደገመ ጸሎት ነው። እኔ ባልለውም ተባለ። ዲያቆኑ አለው፣ የአባቴን ወዳጅ ጨምሮ ዙሪያዬን የቆሙት ሰዎች አሉት። በሦስተኛው ቀን ሳልስት ተባለ። በአርባው ተዝካር ወጣ። ሰማንያው መጣ። ሙት ዓመቱ ደረሰ። በእያንዳንዱ ቀን ምን ማድረግ እንዳለብኝ ሌላ ሰው ያውቀው ነበር። ማን እንደሚጠራ፣ ምን እንደሚጠመቅ፣ የነፍስ አባት ምን እንደሚሰጣቸው፣ ሁሉም ተወስኖ ያለቀ ነገር ነው። ሐዘን ላይ ላለ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሐዘንተኛ ማሰብ አይችልም። እኔ ያልነበረኝን እምነት ሌሎች ያዙልኝ። ቆይቶ ተመለሰልኝ።

ሃይማኖት የግል ቢሆን ኖሮ ያን ቀን አልነበረኝም ማለት ነው።

ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ኤሚል ዱርኬም በ1912 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ ለዚህ የሚቀርብ ነገር ጽፏል። ከእሱ በፊት ብዙ ምሁራን ሃይማኖትን በመናፍስትና በማይታዩ ኃይሎች ማመን ብለው ይፈቱት ነበር። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ታይለር በ1871 እ.ኤ.አ. ያለው ይህንኑ ነው። ዱርኬም ግን ይህ አይበቃም አለ። ለእሱ ሃይማኖት የተቀደሱ ነገሮችን የሚመለከት እምነትና ተግባር ሆኖ፣ ሰዎችን ወደ አንድ ማኅበር የሚያሰባስብ ነው። ሰውየው የረቢ ልጅ ነበር፤ የአባቱን እምነት ትቶ ነው ይህን የጻፈው። እምነቱን ቢተውም የአባቱ ቤት ትዝታ ከውስጡ የወጣ አይመስለኝም።

አሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን እኔ እስከ መጨረሻው አብሬው አልሄድም። እንደ ዱርኬም ከሆነ ሰዎች ሲሰግዱ ሳያውቁት ለራሳቸው ማኅበር ነው የሚሰግዱት። አያቴ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ፣ በጨለማ፣ ነጠላዋን ለብሳ ስትሰግድ ማን ነበር የሚያያት? የጠራችው ማኅበሩን አልነበረም። እግዚአብሔርን ነው። ይህን ከእሷ ከቀነስነው ቀሪው ሁሉ፣ ጾሙም፣ ድግሱም፣ ተዝካሩም፣ ልማድ ብቻ ይሆናል። ልማድ ደግሞ ሰውን ከእንቅልፉ አይቀሰቅስም። ማኅበሩ እሷን ወደ ፈጣሪ የሚያደርሳት መንገድ ነበር እንጂ መድረሻዋ አልነበረም። እኔ በዚህ ከአያቴ ጋር ነኝ።

ስለ ጾምም እንዲሁ ነው የማስበው። ኦርቶዶክስ የምንሆን ሰዎች ዐቢይ ጾምን 55 ቀን እንጾማለን። ፍልሰታ፣ የነቢያት ጾም፣ የሐዋርያት ጾም፣ ነነዌ፣ ረቡዕና ዓርብ ሲጨመሩ የዓመቱ ግማሽ ገደማ ጾም ነው። አሁን አሁን አዲስ አበባ ውስጥ የጾም ኬክ፣ የጾም ፒዛ፣ የጾም ማኪያቶ ሞልቷል። እኔን ደስ አይለኝም። ጾም የምግብ ዝርዝር ብቻ ከሆነ ሀብታም ከድሃው የተሻለ ይጾማል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ከጾሙ ዓላማ ጋር ይጋጫል። ጾም ሀብታሙ ቢያንስ ለጥቂት ሰዓታት የራበውን ሰው ሆድ በራሱ ሆድ የሚያውቅበት ነው። የቀነሰውን ለሌለው እንዲሰጥም ነው። ረመዳን ላይ ይህ ይበልጥ ግልጽ ነው፤ የኢድ ሶላት ከመሰገዱ በፊት ዘካተል ፊጥር ለድሃው መድረስ አለበት።

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአምስት ቀን ልዩነት ገቡ። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ በምሳ ሰዓት ሰው ጠፋ። ክርስቲያኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጠብቃል፣ ሙስሊሙ እስከ መግሪብ። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ይደክመዋል፣ ስብሰባ ላይ ድምፅ ዝቅ ይላል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የምሳ ዕቃውን ይዞ ወደ ደረጃው ይወጣ ነበር። አጠገቡ የምትቀመጠው ልጅ ጾመኛ ስለሆነች ፊቷ ላለመብላት ነው። አንድ ቀን ጠራችው።

«የት ትሄዳለህ? እዚሁ ብላ እንጂ።»

«ሽታው ያስቸግርሻል።»

«ያንተ ሽሮ ጾሜን አያስፈታኝም፤ አይዞህ።»

ሳቁ፣ እዚያው በላ። በማግስቱ ግን ደግሞ ወደ ደረጃው ወጣ። እሷም አልጠራችውም። እንዲህ ያለ ነገር በአዋጅ አይመጣም።

አዋጅ ስል ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ትዝ ይለኛል። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ምኒልክም ባሉበት እዚያ ታላቅ ጉባኤ አደረጉ። ጉባኤው በክርስቲያኑ መካከል ስለ ክርስቶስ ልደታት የነበረውን ክርክር በተዋሕዶ ወገን ፈረደ። ከዚያ ደግሞ ነገሩ ወደ ወሎ ሙስሊሞች ዞረ። ተጠመቁ ተባሉ። ሹማምንቱ ወይ መጠመቅ፣ ወይ ሹመታቸውን መልቀቅ ነበረባቸው። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠመቁና ራስ ሚካኤል ተባሉ። ቆይተው ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ፤ ደሴ ላይ ያለውን የአይጠየፍ አዳራሽም ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ሁሉም ግን እሺ አላለም። ሼህ ጦልሃን የመሰሉ ሰዎች አመፁ። ብዙ ሰው ተሰደደ። ብዙው ደግሞ ቀን ቀን ክርስቲያን፣ ማታ ማታ ሙስሊም ሆኖ ኖረ።

ታሪኩ እዚህ አላበቃም። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ «ልጅ ኢያሱ» የሚባለው፣ የአገሪቱ አልጋ ወራሽ ሆነ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ደግሞ ወደ እስልምና አዘንብሏል ተብሎ ከሥልጣን ወረደ። አባትየው በአዋጅ ክርስቲያን ሆኑ፣ ልጁ በሃይማኖቱ ተጠርጥሮ ዙፋን አጣ። በአንድ ቤት፣ በአንድ ትውልድ ውስጥ። ዐፄ ዮሐንስ አገሪቱን አንድ ማድረግ ፈልገው ነበር፤ ዘመኑም ከየአቅጣጫው ጠላት የመጣበት ዘመን ነው። ይህን እረዳለሁ። ግን የፈለጉትን አንድነት አላገኙም። ዛሬ ወሎ ውስጥ የሚበዛው ሙስሊም ነው። ሹመኛ የሰውን ስም ሊለውጥ ይችላል። እናት ልጇን እያስተኛች በጆሮው የምትነግረውን ግን ሊደርስበት አይችልም።

ደርግም በተራው ሞክሮታል፣ ከተቃራኒው ወገን። በ1971 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ተገደሉ። በዚያው ዓመት የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተገደሉ። በ1974 የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋ፣ ሕንፃዎቹ ተወረሱ። ያኔ አባላቱ አምስት ሺህ ያህል ነበሩ። በየሳሎኑ፣ ጥቂት ጥቂት ሆነው፣ ድምፃቸውን ቀንሰው ይጸልዩ ጀመር። ደርግ በ1983 ሲወድቅ ከሠላሳ ሺህ በላይ ሆነው ወጡ። እኔ ጴንጤ አይደለሁም። ግን ይህን ታሪክ ሳስብ እኮራለሁ፣ የአገሬ ሰዎች ታሪክ ነውና።

አንድ የቅርብ ወዳጅ አለኝ። አያምንም። ደፍሮ የሚናገር፣ ያነበበ ሰው ነው። «ሃይማኖት የፍርሃት ልጅ ነው» ይለኛል። «ሰው ሞትን ይፈራል፣ ድርቅን ይፈራል፣ ብቸኝነትን ይፈራል። ለዚያ መድኃኒት ይፈልጋል። ፍርሃቱ ሲያልቅ ሃይማኖቱም ያልቃል።» ክርክሩ ቀላል አይደለም። እኔም ካልቻልኩ በኋላ ነው ወደ ጸሎት የምሮጠው፤ ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን።

ግን አንድ ነገር ሁልጊዜ አነሳበታለሁ፤ ስግድን። ቤተ እስራኤሎች ጎንደር ውስጥ ሳሉ በየዓመቱ፣ ከማስተሰርያው በዓል በኋላ በሃምሳኛው ቀን፣ ጾመው ተራራ ይወጡ ነበር። በአምቦበር አካባቢ ከሩቅ መንደር ሁሉ ሰው ይመጣል። ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው ይወጣሉ፣ በግዕዝ ያነብባሉ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ይጸልያሉ። «ወደ አገራችን መልሰን» ነው ጸሎቱ። ከዚያ ወርደው ይበላሉ፣ ይጨፍራሉ። ለብዙ ትውልድ ይህን አደረጉ። ከዚያም ጸሎቱ ተሰማ። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ሺዎች ወጡ፤ መንገድ ላይ የቀሩትም ብዙ ናቸው። በግንቦት 1983 ደግሞ በአንድ ቀን ተኩል ጊዜ ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጓጓዘ።

እንግዲህ እንደ ወዳጄ አባባል ስግድ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። የለመኑትን አገኙ። ኢየሩሳሌም ውስጥ ሆኖ «ኢየሩሳሌም አድርሰን» ብሎ የሚጸልይ ማን ነው? እነሱ ግን አልተዉትም። ከተማዋን ቁልቁል ከሚያሳይ ኮረብታ ላይ በየዓመቱ ይሰበሰባሉ። ቄሶቹ ባለ ቀለም ጃንጥላቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ ሰው ይጾማል፣ ይጸልያል። በ2008 እ.ኤ.አ. የእስራኤል ፓርላማ ስግድን ብሔራዊ በዓል አደረገው። ያ እስኪሆን ብዙ ተፈትነዋል። የአገሪቱ ታላላቅ ረቢዎች አይሁድነታችሁ ይረጋገጥ ብለው የመንጻት ጥምቀት ሲጠይቋቸው፣ በ1985 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም ላይ ሳምንታት የቆየ ተቃውሞ አድርገዋል። ከስንት ዘመን በኋላ ቤቱ የደረሰ ሰው ደጅ ላይ «አንተ ማን ነህ?» ሲባል ምን እንደሚሰማው አስቡት። ስግድን ይዘው የቆሙት እዚያ መካከል ነው። ፍርሃት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አያሻግርም ነበር። ምስጋና አለ፤ አደራ አለ፤ በናፍቆት የሞቱትን መዘከር አለ።

ወዳጄ ይህን ስነግረው ዝም አይልም። «እሺ፣ ጅግጅጋንስ? ሞጣንስ?» ይለኛል። ልክ ነው። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ጅግጅጋ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ካህናት ተገደሉ። በታኅሣሥ 2012 ሞጣ ላይ መስጊዶች ተቃጠሉ። በሚያዝያ 2014 ደግሞ ጎንደር ላይ፣ በአንድ ሼህ ቀብር ላይ ግጭት ተነሥቶ ብዙ ሰው ሞተ። በቀብር ላይ! ያልኳችሁ ነገር ሁሉ፣ ቃሬዛውን በተራ መሸከሙ፣ ከአጥር ውጭ ቆሞ መጠበቁ፣ መታየት የነበረበት ቦታ ላይ። ይህን ሳነብ ያመመኝን ለመግለጽ ይቸግረኛል።

«ይህ የፖለቲከኞች ሥራ ነው፣ ሃይማኖት የለበትም» የሚለውን መልስ አልወድም። ፖለቲካው አለበት፣ እውነት ነው። ግን ሰዎቹን የሰበሰባቸው የሃይማኖት ስም ነው። እኔን በሐዘኔ ቀን ደግፎ ያቆመኝ ኅብረት፣ ያው ኅብረት፣ ሌላውን ከውጭ ሊያስቀረው ይችላል። ሰውን የሚያስር ነገር ሁሉ ውስጥና ውጭ ይፈጥራል። ስለዚህ የአንድን ሰው ሃይማኖተኛነት ለማወቅ ስንት ቀን እንደጾመ መጠየቅ ለእኔ በቂ አይደለም። ከመስመሩ ማዶ ላለው ሰው ምን እንደሚያደርግ ማየት አለብኝ። አክስቴ ቀይ ክሩን ያሰረችው ለእነሱ ነው። ክሩ ድንበር ነው፤ ግን ድንበሩን የምትጠብቀው ለእንግዳው ስትል ነበር። ዛሬ በየስልካችን የምናየው ስድብ ደግሞ ድንበሩን ለራስ ክብር ብቻ ይጠብቃል። ሰባኪው ሌላውን ሲያዋርድ ጭብጨባ ይበዛል፣ ገንዘብም ይመጣል። ይህን የሚያደርግ በየትኛውም ወገን አለ፣ በእኔም ወገን። እኔ ደግሞ በቅድሚያ መናገር ያለብኝ ለራሴ ወገን ነው፤ የሚሰማኝም እሱ ነው።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከመቶው ሰው 44 ያህሉ ኦርቶዶክስ፣ 34 ያህሉ ሙስሊም፣ 19 ያህሉ ፕሮቴስታንት ነው። ቀሪው ካቶሊክ፣ የባህል እምነት ተከታይና ሌላ ነው። በዚህ ቁጥር ብዙ ክርክር ይነሳል፤ ማን በዛ፣ ማን አነሰ እየተባለ። ቁጥሩ ግን ስንቱ ቤት ሁለት ድስት እንደሚጥድ አይነግረንም። ማን በማን ለቅሶ ላይ ንፍሮ እንደቀቀለም አይነግረንም።

ያ የማያምነው ወዳጄ የእድራችን አባል ነው። ሰው ሲሞት ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል። ድንኳን ይተክላል፣ ሌሊቱን ከሐዘንተኛ ጋር ካርታ ሲጫወት ያድራል፣ ፍትሐት ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ባለፈው ከአንድ ለቅሶ ስንመለስ ድፍረት አግኝቼ ጠየቅኩት።

«አንተ ስትሞት ምን እናድርግ? ፍትሐት ይደረግልህ ወይስ አይደረግልህ?»

ትንሽ አሰበ። «እናቴ ካለች እሷ ያለችውን አድርጉ» አለኝ። «እኔ አልሰማም። የምትሰማው እሷ ናት። ያን ቀን ምን እንደሚባል ካላወቀች ትወድቅብኛለች።»

«ከሌለችስ?»

«ያኔ እናንተ የሚቀልላችሁን አድርጉ።»

እናቱ ይህን ታውቃለች፤ ነግሯታል። በየዓመቱ ፍልሰታን ስትጾም ስሙን ጠርታ ትጸልይለታለች፣ የነፍስ አባቷንም በጸሎት አስቡልኝ ትላቸዋለች። እሱ አይከለክላትም። ወር በገባ ቁጥር የእድሩን ክፍያ የሚከፍለውም የራሱን ብቻ አይደለም፣ የእሷንም ነው።